በውስን ገንዘብ የመጀመሪያውን የቤት ሲኒማ ድምፅ መምረጥና መትከል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ከግዢ በፊት

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን እንደምፈልግ ለራሴ በጽሑፍ ለማስቀመጥ ነው። የቴሌቪዥናችን ምስል ጥሩ ነው፤ ድምፁ ግን ፊልም ለማየት አይበቃም። እንደ አብዛኞቹ ቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ስፒከሮቹ የዞሩት ወደ ታችና ወደ ኋላ በመሆኑ ንግግሩ ወደ ተመልካቹ የሚደርሰው ከግድግዳና ከጠረጴዛ ላይ ተንጸባርቆ ነው። ሙዚቃ ሲነሳ ንግግሩ ይዋጣል፤ ንግግሩን ለመስማት ድምፅ ሲጨመር ደግሞ ተከትሎ የሚመጣው የፍንዳታ ድምፅ ቤቱን ስለሚያናውጠው እንደገና መቀነስ ግድ ይሆናል፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ሪሞት ከእጅ አይወርድም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከወዲሁ ወስኛለሁ። አንደኛው ጉዳይ ንግግር ነው፤ ሁለተኛው ፊልሙ የሚፈልገውን ቤዝ ሳያጉረመርምና ሳይደበዝዝ ማግኘት ነው፤ ከኋላና ከጎን የሚመጣው ድምፅ ሦስተኛ ነው። ገንዘቡም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። ያለኝን መቶ እጅ አድርጌ ሳከፋፍለው 45 እጁን ለሦስቱ የፊት ስፒከሮች፣ 30ውን ለኤቪ ሪሲቨር (ድምፁን ተቀብሎ አጉልቶ ለየስፒከሩ ለሚያከፋፍለው መሣሪያ)፣ 20ውን ለሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ ለሚያወጣው ስፒከር)፣ የቀረውን 5 ለገመድና ለማቆሚያ መደብኩ። ለኋላ ስፒከሮች አሁን ምንም አልያዝኩም፤ እነሱ ገንዘብ ሲገኝ የሚጨመሩ ናቸው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጓጓው ዙሪያውን ለሚከብበው ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ በአብዛኛው ፊልም ውስጥ ንግግሩ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚወጣው ከመካከለኛው የፊት ቻናል (ለአንድ ስፒከር የተለየ የድምፅ መስመር) ስለሆነ፣ ደካማ የፊት ስፒከር ላይ የኋላ ስፒከር መጨመር ችግሩን ሳይነኩ ማለፍ ነው።

5.1 እና 5.1.2 የሚባሉት ቁጥሮች በየማሸጊያው ላይ ስለሚገኙ ትርጉማቸውን እዚህ ላስፍር። የመጀመሪያው ቁጥር በጆሮ ከፍታ ዙሪያ ያሉት ቻናሎች ብዛት ነው፤ ሁለተኛው ለዝቅተኛ ድምፆች ብቻ የተለየው፣ እስከ 120 ሄርዝ (በሴኮንድ 120 ንዝረት) የሚደርሰው ቻናል ነው፤ ሦስተኛው ካለ ደግሞ ከላይ የሚመጡትን ቻናሎች ይቆጥራል። ይህ ሦስተኛው ቁጥር የተለመደው ከላይም ድምፅ የሚያመጣው ዶልቢ አትሞስ የተባለ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2012 በሲኒማ ቤቶች፣ በ2014 ደግሞ በመኖሪያ ቤቶች ከመጣ በኋላ ነው። በእኔ በጀት ከላይ የሚመጣ ድምፅ መፈለግ ከሌላው ላይ መቀነስ በመሆኑ ትቼዋለሁ። ግቤ 3.1 ሆኖ የሚጀምርና ወደ 5.1 የሚያድግ ነው።

ክፍሉን መለካት

ዛሬ ሜትር ይዤ ሳሎኑን ለካሁ። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 3.6 ሜትር፣ ከፍታው 2.7 ሜትር ነው። ቴሌቪዥኑ በአጭሩ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ድምፁ በክፍሉ ርዝመት ይሄዳል፤ ይህ ጥሩ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለቤዝ ወሳኝ ናቸው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን በክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስናካፍለው 34 ሄርዝ አካባቢ ይመጣል፤ በወርዱ እጥፍ ስናካፍለው 48 ሄርዝ፣ በከፍታው እጥፍ ስናካፍለው 64 ሄርዝ እናገኛለን። በእነዚህ ድግግሞሾች ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ፣ ገንዳ ውስጥ እንደሚወዛወዝ ውሃ፣ ዳርና ዳር ላይ ይበረታል፣ መሐል ላይ ይሞታል። ሶፋው የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ቢሆን ኖሮ ቤዙ ያለልክ በገነነ ነበር፤ የክፍሉ እኩሌታ ላይ ቢሆን ደግሞ 34 ሄርዙ ከነጭራሹ በጠፋ ነበር። የኋላ በር ስላለ ሶፋችን ቀድሞውንም ወደ ፊት የተጠጋ ነው፤ የአድማጩ ጆሮ ከፊተኛው ግድግዳ 3.3 ሜትር ላይ፣ ማለትም የክፍሉ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ላይ ይውላል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቦታ ብፈልግም አላገኝም።

የስፒከሮቹ ፊት ከግድግዳው በግማሽ ሜትር ቢቀድም ለአድማጩ 2.8 ሜትር ይቀራል። ግራና ቀኙን በ2.4 ሜትር ብለያያቸው እያንዳንዳቸው ከመካከለኛው መስመር 23 ዲግሪ ያህል ይርቃሉ። ለፊልም ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ያለው የተለመደ ልክ በመሆኑ ይህ በቂ ነው።

ወለሉ ሴራሚክ፣ አንደኛው የጎን ግድግዳ ባዶ፣ ሌላኛው መስኮት ነው። እጄን ሳጨበጭብ አየሩ ላይ የሚንጠለጠል ሹል ድምፅ ይሰማል። ወፍራም ምንጣፍ ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ መካከል አነጠፍኩ፤ መስኮቱ ላይም ቀጭኑን መጋረጃ በከባድ ቀየርኩት፤ ሁለቱም ከቤት የተገኙ ናቸው። ደግሜ ሳጨበጭብ ያ ሹል ድምፅ በግማሽ ያህል ረግቷል። እስካሁን ምንም አልገዛሁም፤ ይህ ለውጥ ግን አንድ ደረጃ የተሻለ ስፒከር ከመግዛት የማይተናነስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስት አማራጮች

ከፊቴ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። ሳውንድባር (ስፒከሮቹ በአንድ ረጅም ሣጥን ውስጥ ያሉበትን) መግዛት፣ ሁሉም ነገር በአንድ ካርቶን የሚመጣውን የቤት ሲኒማ መግዛት፣ ወይም ኤቪ ሪሲቨርና ስፒከሮችን ለየብቻ መርጦ ቀስ በቀስ መገንባት።

ሳውንድባር ቦታ አይፈጅም፣ በአንድ ገመድ ይሠራል፣ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ጋርም ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነው። ክፍሉ ጠባብ ለሆነ፣ ገመድ መዘርጋት ለማይፈቀድለት ሰው ያለማመንታት የምመክረው እሱን ነው፤ የተለየ የመካከለኛ ቻናል ያለውን፣ ማለትም ቢያንስ 3.1 የሆነውን እስከመረጠ ድረስ። የሚያሳስበኝ መጨረሻው ነው፤ አንድ ክፍሉ ሲበላሽ ወይም ሲያረጅ ሁሉም አብሮ ይጣላል።

በአንድ ካርቶን የሚመጣው ዓይነት አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር በአንድ ዋጋ ስለሚያቀርብ ዓይን ይስባል። ነገር ግን ያ ዋጋ ለስድስት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ ስፒከሮቹ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ስለሚሆኑ ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ እንኳ ወደ ሰብዉፈሩ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ የሰውየው ድምፅ ከፊሉ ከቴሌቪዥኑ፣ ከፊሉ ከክፍሉ ጥግ የሚመጣ ይመስላል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ለራሳቸው ብቻ የተሠራ መሰኪያና 3 ኦም የሚደርስ ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለ ተቃውሞ) ስላላቸው ስፒከሮቹን ወደ ሌላ አምፕሊፋየር ማዛወርም ሆነ አምፕሊፋየሩን ከሌላ ስፒከር ጋር ማገናኘት አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ገመድና ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥሩ ስፒከር ግን ሃያ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ በየጊዜው የሚለዋወጠው የሪሲቨሩ ኤሌክትሮኒክስና መሰኪያ ነው። ገንዘብ በሚቆየው ዕቃ ላይ ቢውል ይሻላል። የመረጥኩት ይህንን ነው።

የዋቱ ነገር

አንድ ሻጭ በካርቶን የታሸገውን ሲያሳየኝ «ይሄ እኮ 1000 ዋት ነው» አለኝ። መመሪያው ላይ ገልጬ አብረን ስናነብ ቁጥሩ የስድስቱም ቻናል ድምር ሆኖ ተገኘ፤ የተለካውም በ1 ኪሎ ሄርዝ ብቻ፣ የድምፁ መዛባት 10 በመቶ እስኪደርስ ተገፍቶ ነው። 10 በመቶ የተዛባ ድምፅ ማንም ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው አይደለም። ሐቀኛው ልኬት ሁለት ቻናል አብረው እየሠሩ፣ ከ20 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ፣ በ8 ኦም፣ ከ0.1 በመቶ ባነሰ መዛባት የሚሰጠው ነው። በዚህ መሥፈርት 60 ወይም 70 ዋት የተጻፈበትን ሪሲቨር ከዚያ 1000 ዋት ጋር በቁጥሩ ብቻ ማወዳደር አይቻልም።

ለእኔ ክፍል ስንት ይበቃል የሚለውን አሰላሁ። ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 86 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) የሚሰጥ ከሆነ፣ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በክፍት ቦታ 6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ በ3 ሜትር ላይ 76 ወይም 77 ዴሲቤል ይደርሰኛል፤ ግድግዳዎቹ ስለሚመልሱት በክፍል ውስጥ መቀነሱ ከዚህ ያነሰ ነው። 50 ዋት በዚህ ላይ 17 ዴሲቤል ይጨምርልኛል፤ ከ93 በላይ ማለት ነው። ንግግር በ65 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ለድንገተኛው ከፍታ ከ25 ዴሲቤል በላይ ይተርፋል። ዋቱን ከ50 ወደ 100 ማሳደግ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ 86 ከሚለው ይልቅ 89 የሚለውን ስፒከር መምረጥም ያንኑ 3 ዴሲቤል ይሰጣል። ስለዚህ የዋት ውድድሩን ትቼ ስፒከሩ ላይ የተጻፈውን የዴሲቤል ቁጥር ማየት ጀመርኩ።

ማዳመጥ

ሊገዙ የሚችሉትን ስፒከሮች ለማዳመጥ ስሄድ በስልኬ ላይ ሦስት ነገር ይዤ ነበር፦ ከዜና የተቀዳ የሴት ንባብ፣ ጎርናና ድምፅ ያለው የወንድ ተረክ፣ እና ከበሮና ክራር ያለበት በደንብ የማውቀው ሙዚቃ። ፍንዳታ አልወሰድኩም። ፍንዳታ በማንኛውም ስፒከር ላይ ያስደነግጣል፤ የምናውቀው የሰው ድምፅ ግን ትንሹን መዛባት ያጋልጣል። የወንዱ ድምፅ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ከመሰለ ሣጥኑ አብሮ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው፤ የሴቷ ንባብ ላይ «ሰ» እና «ጸ» ጆሮ የሚወጉ ከሆነ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) በዝቷል።

ሁለት ስፒከር ስናወዳድር ድምፃቸው እኩል ከፍ ማለቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በትንሹም ቢሆን የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። የስልክ የድምፅ መለኪያ ትክክለኛውን መጠን ባይነግርም ሁለቱን ለማስተካከል ይበቃል። በዚህ መልክ ሳስተካክላቸው ቀደም ሲል ደማቅ መስሎኝ የነበረው አንደኛው ጥንድ ብልጫው ጠፋ።

የመረጥኩት 13 ሴንቲ ሜትር ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክፍል) ያለው፣ እስከ 58 ሄርዝ የሚወርድ፣ መጠነኛ የመደርደሪያ ስፒከር ጥንድ ነው። ከወለል የሚቆመው ረጅሙ ዓይነት በተመሳሳይ ዋጋ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ገንዘብ ትልቅ ሣጥን መሥራት ማለት በውስጡ ያለው ዕቃ መርከሱ ነው፤ ቤዙንም የሚሸከመው ሰብዉፈሩ ስለሆነ ትልቁ ሣጥን የሚጠቅመኝ ጥቂት ነው። የመካከለኛውን ስፒከር ከዚያው ተከታታይ ምርት ወሰድኩ። ይህን ማሳሰብ እፈልጋለሁ፦ ሦስቱ የፊት ስፒከሮች የአንድ ቤተሰብ ካልሆኑ ተናጋሪው በማያ ገጹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲራመድ ድምፁ ሌላ ሰው የሆነ ያህል ይለወጣል።

መካከለኛው ስፒከር ትዊተሩን መሐል አድርጎ ሁለት ዉፈር በአግድም የያዘ ነው። የዚህ አሠራር ጉድለት ይታወቃል፤ ከጎን ለሚቀመጥ ሰው የሁለቱ ዉፈሮች ርቀት እኩል ስለማይሆን ድምፆቻቸው በከፊል ይጠፋፋሉ። የሶፋችን ዳር ከመካከለኛው መስመር 18 ዲግሪ ያህል ነው የሚርቀው፤ እዚያ ተቀምጬ ሳዳምጥ ንግግሩ ትንሽ ቀጠን ይላል፣ ግን አይጠፋም። ሰፊ ሶፋ ያለው ሰው ግን ይህን ሳያዳምጥ መግዛት የለበትም።

ያገለገለ ሪሲቨር

ለሪሲቨሩ ከመደብኩት 30 እጅ አዲስ ብገዛ ዝቅተኛውን ዓይነት ብቻ ነበር የማገኘው። በዚያው ገንዘብ ያገለገለ፣ በጊዜው መካከለኛ ደረጃ የነበረ አገኘሁ። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ የማየው ይህ ነበር፦ እያንዳንዱን ቻናል በአንድ ስፒከር እየቀያየርኩ አዳመጥኩ፤ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ቀስ ብዬ ሳዞር የሚንኳኳ ወይም የሚንሾካሾክ ነገር እንደሌለ አረጋገጥኩ፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል አሠርቼ ሽታና ያልተለመደ ግለት ፈተሽኩ፤ እያንዳንዱን የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ሞከርኩ፤ በመጨረሻም ሪሞቱና የመለኪያ ማይክሮፎኑ አብረው መኖራቸውን አየሁ። ማይክሮፎኑ ትንሽ ነገር ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ያለ እሱ ግን ሪሲቨሩ ራሱን ከክፍሉ ጋር ማስተካከል አይችልም፣ የሌላ ድርጅት ማይክሮፎንም በእሱ ምትክ አያገለግልም።

ያገለገለ ስፒከር ለሚገዛ ደግሞ አንድ ምክር፦ የዉፈሩን ዙሪያ ጠርዝ በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ መንካት። ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ብዛት ይበሰብሳል፤ እንደ አመድ ከፈረሰ አለመግዛት ነው። የጎማ ጠርዝ ከዚያ እጅግ ይቆያል።

ሪሲቨሩ አሮጌ መሆኑ የ4ኬ ምስል በውስጡ አያልፍም ማለት ሊሆን ይችላል፤ የቅጂ መከላከያው ኤችዲሲፒ 2.2 ያልሆነ ሪሲቨር ብዙውን የ4ኬ ምንጭ ስለማያሳልፍ። ለእኔ ይህ እንቅፋት አልሆነም። ማጫወቻዎቹን በሙሉ በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ፣ ድምፁን ብቻ አርክ በሚባለው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ወደ ሪሲቨሩ አመጣለሁ። አርክ በኤችዲኤምአይ 1.4 እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣ ሲሆን የተጨመቀ 5.1 ድምፅ ይሸከማል፤ ዶልቢ ዲጂታል የተባለውን የመጭመቂያ ዓይነትና የተሻሻለውን ዶልቢ ዲጂታል ፕላስንም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለው ኦፕቲካል ገመድ ዶልቢ ዲጂታል 5.1 ያሳልፋል፣ ፕላሱን ግን አያሳልፍም፤ በቴሌቪዥኑ ሪሞት የሪሲቨሩን ድምፅ መጨመርና መቀነስም በእሱ አይሆንም። አርክ ያለው ሰው አርክን ይጠቀም።

ገመድ መዘርጋት

ለፊት ስፒከሮች ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ ገዛሁ። የዚህ ገመድ ተቃውሞ በሜትር 0.0115 ኦም ገደማ ነው፤ ለ4 ሜትር ርቀት መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 0.1 ኦም አይሞላም፤ ለ8 ኦም ስፒከር ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ውድ ገመድ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ከስፒከር የተቀነሰ ገንዘብ ነው። መጠንቀቅ ያለብን በመዳብ ከተለበጠው የአሉሚኒየም ገመድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ተቃውሞው ይበልጣል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ጫፉን በቢላዋ ፋቅ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ከላዩ ቀይ፣ ከውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው።

አገናኙ ቀላል ቢሆንም ዓይንን ይፈልጋል። ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ልጣጩን ልጬ፣ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል በአንድ አቅጣጫ አጥብቄ ጠመዘዝኳቸው፤ መሰኪያውን አላልቼ ከጎኑ ባለው ቀዳዳ ካስገባሁ በኋላ አጠበቅኩት። ከዚያም በስልክ መብራት እያበራሁ እያንዳንዱን አየሁ፤ አንዲት ያፈነገጠች ሽቦ ቀዩንና ጥቁሩን ካነካካች የሪሲቨሩን አምፕሊፋየር ልታቃጥል ትችላለችና። ገመዱ በአንድ ጎኑ መስመር የተሰመረበት ስለሆነ መስመር ያለውን በሁሉም ላይ ለቀዩ አዋልኩት። አንዱ ስፒከር ቢገለበጥ አንደኛው ሲገፋ ሌላኛው ይስባል፤ ቤዙ ይጠፋል፣ መሐል ላይ መሰማት ያለበትም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

ሪሲቨሩ ይሞቃል፤ በላዩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተውኩለት።

ያለ መካከለኛው፣ ከዚያም ከእሱ ጋር

ሆን ብዬ ለጥቂት ጊዜ በግራና በቀኝ ስፒከር ብቻ ፊልም አየን። ሪሲቨሩ መካከለኛ ስፒከር እንደሌለ ሲነገረው ንግግሩን ለሁለቱ እኩል ያካፍለዋል፤ መሐል ለተቀመጠው ሰው ድምፁ ከማያ ገጹ መሐል የሚወጣ ይመስለዋል። በእኔ ግምት ገንዘቡ በጣም ጠባብ የሆነበት ሰው በዚህ ብቻ ለወራት በደስታ ሊቆይ ይችላል። ችግሩ ከመሐል ፈቀቅ ሲሉ ይጀምራል፤ ወደ ግራ የተቀመጠ ሰው ንግግሩን በሙሉ ከግራው ስፒከር ይሰማል።

መካከለኛውን ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ሁለት ነገር አደረግኩ። ፊቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከልኩ፤ ወደ ውስጥ ከገባ ድምፁ ከጠረጴዛው ላይ ይንጸባረቃል። ከፊቱ ሥርም የጎማ ቁራጭ አስገብቼ ትዊተሩ ወደ ጆሯችን እንዲያይ ቀና አደረግኩት። እናቴ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በሶፋው ዳር ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «አሁን ገና የሚሉት ገባኝ» አለችኝ። የድምፁ መጠን ግን ከቀድሞው ዝቅ ያለ ነበር።

የሰብዉፈሩ ቦታ

ይህ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የወሰደው ሥራ ነው፤ ጊዜውም ይገባዋል። ሰብዉፈሩ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው፣ 25 ሴንቲ ሜትር ዉፈር የያዘ ነው። ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ ጆሯችን ከየት እንደመጣ ለይቶ ስለማያውቀው የትም ሊቀመጥ ይችላል ይባላል፤ አቅጣጫውን በተመለከተ እውነት ነው፣ የድምፁን ሁኔታ በተመለከተ ግን ቦታው ሁሉን ነገር ይወስናል።

ዘዴው የታወቀ ነው። ሰብዉፈሩን አንስቼ ሶፋው ላይ፣ ጆሮዬ በሚውልበት ቦታ አስቀመጥኩት። ከ30 እስከ 100 ሄርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ ከፈትኩና በግድግዳው ሥር በጉልበቴ እየዳህኩ አዳመጥኩ። ድምፁ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ ቢገለበጥም ውጤቱ አንድ ስለሆነ፣ ጆሮዬ ጥሩ ቤዝ የሚሰማበት ቦታ ሰብዉፈሩ ቢቀመጥበት ሶፋው ላይ ያንኑ ቤዝ ይሰጣል። በክፍሉ ጥግ 34 እና 48 ሄርዝ ላይ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ይጮሃል፤ በመካከላቸው ይሰወራል። በኋላ በር አጠገብ 60ዎቹ ሞተው ነበር። ከፊት ግድግዳ ሥር፣ ከግራው ጥግ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ግን ድምፁ ያለ ትልቅ ገደልና ጉብታ ከታች እስከ ላይ ወጣ። በሁለቱም በኩል አንድ ክንድ ያህል ስፈቀቅ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማ ነበር። ቦታውን ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጌ ሰብዉፈሩን እዚያ አኖርኩ።

ጀርባው ላይ ያለውን የድግግሞሽ መቁረጫ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ የሚቆርጠው ሪሲቨሩ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መቆረጥ የለበትም። የሰብዉፈሩን ንዝረት ከፊት ስፒከሮቹ ጋር የሚያስማማውን፣ 0 እና 180 የሚለውን መቀየሪያ በ80 ሄርዝ አካባቢ የፊት ስፒከሮቹም እየሠሩ ሞከርኩ፤ ቤዙ በርትቶ የተሰማው በ0 ስለነበር በእሱ ተውኩት።

የማይክሮፎኑ ልኬትና በእጅ የታረመው

ማይክሮፎኑን በካሜራ ማቆሚያ ላይ በጆሮ ከፍታ አስሬ፣ ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ነቅዬ፣ ሰው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣ አድርጌ ልኬቱን አስጀመርኩ። ሪሲቨሩ መካከለኛውን 2.8 ሜትር፣ ግራና ቀኙን 3.05 ሜትር ብሎ አገኘ፤ በሜትር ከለካሁት ጋር ይገጥማል። የ25 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት በጊዜ ሲለካ ከአንድ ሚሊ ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ ሪሲቨሩ በዚያው መጠን መካከለኛውን ያዘገየዋል። ሰብዉፈሩን ከእውነተኛው ርቀት አስበልጦ ነው የጻፈው። ይህ ስህተት አይደለም፤ በሰብዉፈሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ የሚያዘገየውን ጊዜ ወደ ርቀት ቀይሮ መያዙ ስለሆነ መነካት የለበትም።

ያረምኩት ሌላውን ነው። ግራና ቀኙን «ላርጅ» (ቤዙንም ራሳቸው የሚጫወቱ) ብሎ ስለመደባቸው ወደ «ስሞል» (ቤዙን ለሰብዉፈሩ የሚተዉ) ቀየርኩና መቁረጫውን 80 ሄርዝ ላይ አደረግኩ፤ 13 ሴንቲ ሜትር ዉፈር ከ40 ሄርዝ ጋር እንዲታገል ማስገደድ ለንግግሩም አይበጅም። ዉፈሮቹ ለሚያንሱት መካከለኛ ስፒከር 100 ሄርዝ ሰጠሁት። ቀጥሎ ደረጃቸውን በስልክ መለኪያ እያወዳደርኩ መካከለኛውን ከሌሎቹ በ1.5 ዴሲቤል ከፍ አደረግኩት፤ የሰብዉፈሩን ግን ልኬቱ እንዳወጣው ተውኩት። ሰብዉፈሩ አለ ብሎ ራሱን የሚያሳውቅ ከሆነ በዝቷል፤ ሲጠፋ ብቻ ጉድለቱ የሚታወቅ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ቀረ፤ የሪሲቨሩ መስታወት ላይ ሁልጊዜ ሁለት ቻናል ብቻ ይታይ ነበር። ምክንያቱ የተገኘው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ የድምፅ መውጫው «ፒሲኤም» (ያልተጨመቀ ድምፅ) የሚለው ላይ ነበር፣ አርክ ደግሞ ፒሲኤምን የሚያሳልፈው በሁለት ቻናል ነው። የተጨመቀውን ድምፅ እንዳለ ወደሚልከው «ቢትስትሪም» ስቀይረው 5.1 ብሎ ተነሳ፤ ለጊዜው የሌሉትን የኋላ ቻናሎች ሪሲቨሩ ወደ ግራና ቀኝ ያካፍላቸዋል። ሌሊት፣ ቤተሰብ ሲተኛ፣ የከፍተኛውንና የዝቅተኛውን ድምፅ ልዩነት የሚያጠበውን የሌሊት ምርጫ እከፍታለሁ፤ ንግግሩ ሳይቀንስ ፍንዳታው ይረግባል።

አሁን ያለበት ደረጃ

3.1ው ሥራ ላይ ነው፣ ከተመደበውም ገንዘብ አልወጣሁም። ለኋላ ስፒከሮች ቦታቸውን ለክቻለሁ፦ ከአድማጩ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከፊት መስመር 110 ዲግሪ ላይ፣ ከጆሮ ከፍታ ጥቂት ከፍ ብለው። የቀኙ በመስኮቱና በኋላ በር መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ገመዱ ከሪሲቨሩ ተነስቶ በግድግዳው ሥር ሲዞር 8 ሜትር ይፈጃል። ከዚያው ተከታታይ ምርት የሆነ፣ ከፊቶቹ ያነሰ ያገለገለ ጥንድ እየፈለግኩ ነው፤ ሲገኝ መጀመሪያ የዉፈሩን ጠርዝ አያለሁ፣ ከተተከለ በኋላም የማይክሮፎኑን ልኬት እንደገና ከመጀመሪያው አደርጋለሁ።